ጾም ያስያዝኳት ድመት

ድመቷ ከእኔ የተሻለ ዘር ነበራት። ለቀልድ አይደለም፤ ወረቀቷ እኔ እጅ ላይ ነበር። እኔ አያት ቅድመ አያቶቼን ስቆጥር አራተኛው ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። እሷ ግን በማኅተም የተረጋገጠ የአምስት ትውልድ ዝርዝር ነበራት፤ አባቷ ማን፣ እናቷ ማን፣ የእናቷ አያት የትኛው ውድድር ላይ እንደተሸለመች ሁሉ ተጽፏል። ፐርሺያን የሚሏት ዓይነት ነች። ፊቷ ጥፍጥፍ ያለ፣ ጸጉሯ ነጭ ሆኖ መሬት የሚጠርግ፣ ዓይኖቿ ብርቱካናማ። ስሟ ረጅም ስለነበር እኔ "እሜቴ" እላት ነበር። ደግሞ ስሙ ይገባታል፤ ሰው ቤት ስትገባ አከራይ እንጂ እንግዳ አትመስልም።

ባለቤቷ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ባለችው ሮቢንስዴል ለብቻቸው የሚኖሩ አሜሪካዊት አሮጊት ነበሩ። ሥራዬ ሽማግሌና አሮጊት በየቤታቸው እየሄዱ መርዳት ነው፤ ሆም ሄልዝ ኤይድ ይሉታል። በሳምንት ሦስት ቀን እሄድና ሰውነታቸውን አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን አቀብላለሁ፣ ምሳ አቀርባለሁ። ድመት ማበጠር ሥራዬ ውስጥ አልተጻፈም፤ እሳቸው ማበጠሪያውን ሲያቀብሉኝ ግን እንቢ የሚል አፍ አልነበረኝም። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር ባይኖርም በሆዴ አንቱ ነበር የምላቸው። ምላሳቸው ስለት ነው። አልጋቸውን አንጥፌ ስጨርስ ቆም ብለው ያዩትና "ይሄ አልጋ ተነጠፈ ወይስ ተደበደበ?" ይሉኛል። እኔም የዋዛ አይደለሁም፣ "ተኝተው ይፍረዱ" እላቸዋለሁ። እንዲህ እየተናከስን ሁለት ዓመት ተዋደድን።

ከዚያ አንድ ክረምት ደጃቸው ላይ በረዶ አንሸራተታቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል በቀጥታ እዚያው ሮቢንስዴል ያለ የአረጋውያን መጦሪያ አስገቧቸው። መጦሪያው ድመት አይቀበልም። ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ያዙኝና፣ ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ፣ ቀስ ብለው "አንቺ ጋ ትሁን። ለማንም እንዳትሰጪብኝ" አሉኝ።

"እሺ" አልኩ።

"ማይልኝ።"

ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩ። እንግሊዝኛው መሐላ ነው፣ ለእኔ ግን አደራ ነው። በእኛ ዘንድ አደራ ቀልድ አይደለም። የሰረቀ ሰው እንኳ ታስሮ ይፈታል፤ አደራ የበላ ግን ልጁ ሁሉ "የአደራ በላ ልጅ" እየተባለ ያድጋል። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ድመቷን፣ ማበጠሪያዋን፣ የተጀመረ የምግብ ከረጢቷንና የዘር ወረቀቷን ጭኜ ሴንት ፖል ወዳለው አፓርታማችን ወሰድኩ። እኔና የአሥር ዓመት ልጄ ብቻ ነን የምንኖረው። ልጄ ስታያት ጮኸች፤ የደስታ ጩኸት። እሜቴ ግን ቤታችንን ዞር ዞር ብላ አየችና ሶፋው ላይ ወጥታ ጀርባዋን ሰጠችን።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መጦሪያው ጎራ እላለሁ። እሳቸው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። "ሪፖርት!" ይሉኛል። ምን በላች፣ የት ተኛች፣ ማንን ቧጠጠች። እኔም አንድ ሁለት ብዬ አቀርባለሁ። አንድ ሰዓት ሳናውቀው ይሄዳል።

እንግዲህ ጥፋቱ የመጣው በዐቢይ ጾም ነው።

ከረጢቱ ያለቀው ልክ በቅበላ ሳምንት ነበር። በእኔ ቤት ቅበላ ሲያልፍ ፍስክ የሚባል ነገር ከደጅ አያልፍም። ፍሪጁን አጥባለሁ፣ ድስቱን በአመድ ባይሆንም በሳሙና ሦስቴ እፈትጋለሁ፣ የቀረ ቅቤ ካለ ለጎረቤት እሰጣለሁ። ሱቅ ሄጄ የድመት ምግብ አነሳሁ፤ ጣሳው ላይ የዶሮ ጉበት ይላል። በስመ አብ! በሁዳዴ የዶሮ ጉበት ከፍቼ፣ በማንኪያዬ ቆርሼ፣ ሳህኑን በእኔ ገንዳ ላጥብ? ደረቁንም አየሁት፤ ዶሮና ዓሣ። መለስኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ለድመት ምግብ የሚገዛ ሰው አላየሁም። ድመት ቤቱ የበላውን ትበላለች፣ የጎደለውን አይጥ ትሞላለች። አፓርታማችን ውስጥ አይጥ የለም፣ ሽሮ ግን አለ።

እንጀራ በሽሮ አራስኩና ሰጠኋት። አሽትታ አየችኝ። እንዲህ ዓይነት አስተያየት ከአማቴ ወዲህ አይቼ አላውቅም።

ልጄ በትምህርት ቤት የተማረችውን ይዛ መጣች። "ማሚ፣ ካትስ አር ካርኒቮርስ" አለችኝ፤ ድመት ሥጋ በል ናት ማለቷ ነው። እሷ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ።

"እዚህ ቤት ሥጋ በል የለም" አልኳት። "ሁላችንም ጾመኞች ነን። የነነዌ ሰዎች ሲጾሙ ከብቶቻቸውም ጾመዋል። መጽሐፍ ነው!"

ልጄ ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። ከመጽሐፍ ጋር ማን ይከራከራል?

እሜቴ ሁለት ቀን አልቀምስ አለች። በሦስተኛው ቀን ራት ላይ ቀስ ብላ መጣችና ሽሮዋን ላሰች። እኔ ሆዬ ደስታዬን አልቻልኩትም። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ የሚሉት ውሸት ነው፣ የእኔዋ መንኩሳ ዓመሏንም ረሳች እያልኩ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ። አንድ ቀን ሽሮ፣ አንድ ቀን ምስር ወጥ። እሑድ ሪፖርት ሳቀርብ ግን "ምን በላች?" ሲሉኝ "በደንብ ትበላለች" ብዬ አልፋለሁ። ምን ብዬ እንደማስረዳቸው ስላልገባኝ ነው እንጂ ያጠፋሁ መስሎኝ አልነበረም።

በአራተኛው ሳምንት እሜቴ ከሶፋው መውረድ ተወች። ስትተነፍስ ጎኗ ይርገበገባል። ለማበጠር ጊዜ ስላልነበረኝ ጸጉሯ ሥሩ ድረስ ተጠቅልሎ ድርቆሽ ሆኗል። ልጄ ከንፈሯን ገልጣ አሳየችኝ። ድዷ ወረቀት መስሏል። አንዲት ጠብታ ደም ያለባት አትመስልም። ሥራዬን አስቀርቼ ሐኪም ጋ ወሰድናት።

የእንስሳት ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጥሩ ልጅ። ደሟን ወስዶ ቆይቶ መጣና ደሟ በውስጧ እየፈረሰ ነው አለን። ምክንያቱን አላወቀም። "ምን ትበላ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የድመት ምግብ" አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ ልንገራችሁ። የዜግነት ማመልከቻዬ ገብቶ ነበር። በዚህ አገር እንስሳ ያሰቃየ ሰው እንደሚታሰር በቴሌቪዥን አይቻለሁ። የሥራ ፈቃዴም አለ፤ በየጊዜው ወንጀል እንዳለብኝና እንደሌለብኝ ይጣራል። በአንዲት ሽሮ የተነሳ ኑሮዬ ሁሉ ሲናድ ታየኝ። ፈራሁ። ሌላ ማስዋቢያ የለውም፤ ፈራሁ።

ሐኪሙ አንገቱን ነቀነቀ። ከድመት ወደ ድመት የሚተላለፍ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ የደም ካንሰርም ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ምርመራ ይፈልጋል አለ። ቀን ከሌት የሚያያት ሰውም ያስፈልጋል። እኔ ሁለት ፈረቃ ነው የምሠራው። ፊቴን አይቶ ገባው መሰለኝ፣ አንድ ስልክ ቁጥር ጽፎ ሰጠኝ። ፐርሺያን ድመቶችን ብቻ የሚቀበሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ያሳክማሉ፣ ከዚያ ጥሩ ቤት ይፈልጉላቸዋል። እኔ ግን ለእነሱ ፈርሜ ማስረከብ አለብኝ።

መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን ሳዞር ልጄ ከኋላ ወንበር፣ ድመቷን እንዳቀፈች፣ በአማርኛ "ዋሸሽ" አለችኝ።

ልጄ አማርኛ የምትናገረው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። እንደዚያ ቀን አማርኛዋ ጠርቶ አያውቅም። ሬዲዮ ከፈትኩ።

በስልክ ያገኘኋት ሴት ግማሽ ሰዓት ጠየቀችኝ። ዕድሜዋ፣ ጥርሷ፣ ክትባቷ፣ ጠባይዋ። ሽማግሌ ተልኮ ሴት ልጅ ስትጠየቅ እንኳ ይህን ያህል አይመረመርም። ቅዳሜ ጠዋት ደቡብ ሚኒያፖሊስ ያለው ቤቷ ሄድን። የእኔ እኩያ ነች፣ አርባ ቢሆናት ነው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ሳሎኗ ውስጥ ስድስት ፐርሺያን በየወንበሩ ተጎልተው እንደ ዕድር ዳኞች አዩን። ሹፌሯ እሜቴን ከነሳጥኗ ተቀብላ ሌሎቹ እንዳይነኳት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አስቀመጠቻት፣ በሩንም ዘጋች። ከዚያ ፎርም አመጣችልኝ።

ፎርሙ አራት ገጽ ነው። ሦስቱን ሞላሁ። አራተኛው ላይ "ባለፉት ሁለት ወራት የበላችውን በዝርዝር ይጻፉ" ይላል። እስክሪብቶዬ ቆመ።

ሹፌሯ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ በቀስታ ነገረችኝ። "እውነቱን ልንገርሽ። ሐኪሙ እንደሚፈራው ቫይረስ ከሆነ እዚህ ላስገባት አልችልም፤ ስድስቱን ትጨርስብኛለች። ሌላ የሚቀበላት ቤትም አላገኝ። እንዲህ ተዳክማ ደግሞ ብዙ አትቆይም። ሰኞ ሐኪሙ ጋ እንወስዳትና እንዳትሠቃይ በመርፌ ..." አልጨረሰችውም። እኔም አላስጨረስኳትም። መርፌው ምን እንደሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ቀና ስል ልጄ እያየችኝ ነው። አንድ ጊዜ "ዋሸሽ" ብላኝ የለ።

"ሽሮ" አልኩ።

"ምን?"

"ሽሮ። የአተር ዱቄት ነው። በዘይት፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት ይሠራል።"

ሹፌሯ ከወንበሯ ተነሳች። "ሽንኩርት? ለድመት?"

"አዎ።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ። አንዳንዴ ምስር ወጥ።"

"እሱም ሽንኩርት አለው?"

"ያለ ሽንኩርት ወጥ አለ እንዴ?" አልኳት። ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ እንዲህ ብያታለሁ።

እየሮጠች ስልኩን አነሳች። ከሐኪሙ ጋር ስታወራ ፊቷን አያለሁ፤ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ተፈታ። ዘግታ መጣችና መሬት ላይ አጠገቤ ቁጭ አለች። እኔ ለካ ከወንበሬ ወርጄ መሬት ላይ ነበርኩ። ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው አለችኝ። ደሟን የሚያፈርሰው እሱ ነው። ሐኪሙ ያልገባው ነገር ሁሉ ገብቶታል፤ ቫይረስ አይመስለውም፣ ካንሰርም አይመስለውም። ሽንኩርቱ ከቆመና ከተንከባከቧት ደሟ ይተካል፣ ትድናለች ብሎ ተስፋ ያደርጋል።

እኔ የሰማሁት ግን አንዱን ቃል ብቻ ነው። መርዝ። በእጄ አርሼ፣ "ብዪ እንጂ የኔ እመቤት" እያልኩ ያበላኋት መርዝ። አለቀስኩ። በሰው ቤት፣ በስድስት ድመት ፊት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"ለምን ሽሮ?" አለችኝ ሹፌሯ። ስለ ጾማችን ነገርኳት፣ ስለ ነነዌ ከብቶችም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ "እኔም ካቶሊክ ነኝ" አለች። "በጾም ዐርብ ዐርብ ሥጋ አልበላም። ድመቶቼ ግን ዐርብን ከማክሰኞ አይለዩም።"

"ፖሊስ ትጠሪያለሽ?"

"ምን ብዬ? ሴትዮዋ ድመቷን ክርስቲያን አደረገቻት ብዬ?" አለችና ሳቋ አመለጣት። ልጄም ሳቀች። እኔ ግማሽ እየሳቅሁ ግማሽ እያለቀስኩ አፍንጫዬን ጠረግሁ።

ያን ጊዜ አንድ ተስፋ ብልጭ አለልኝ። ምክንያቱ ከታወቀ ለምን አልመልሳትም? አደራዬን ለምን አላተርፍም? ይህንኑ ጠየቅኋት። ሹፌሯ አልከለከለችኝም። በየሁለት ቀኑ ደሟ ይታያል፣ በየሦስት ሰዓቱ በእጅ ትመገባለች፣ የተጠቀለለው ጸጉሯ እስከ ቆዳዋ ይላጫል አለችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገች። ቀን ቀን ቤት ማን አለ? ማንም። በሦስት በሦስት ሰዓት ማን ያበላታል? ማንም።

"ማሚ፣ ሌት ሃር ስቴይ" አለች ልጄ፣ ትቆይ ማለቷ ነው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ድመት ግዢልኝ እያለች ስትለምነኝ የኖረች ልጅ እኮ ናት!

ፎርሙ መጨረሻ ላይ "በድመቷ ላይ ያለኝን መብት ሁሉ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ" ይላል። የአሮጊቷ "ለማንም እንዳትሰጪብኝ" ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ፈረምኩ። ሹፌሯ ከመሄዳችን በፊት ልጄን መታጠቢያ ቤት አስገባቻትና እሜቴን ግንባሯ ላይ እንድታበጥራት ፈቀደችላት። እኔ አልገባሁም። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

በማግስቱ እሑድ መጦሪያው አልሄድኩም። በረዶ ጥሏል አልኩ፤ በርግጥም ጥሎ ነበር፣ ግን ለቤተ ክርስቲያን ያልከለከለኝ በረዶ ነው።

ሐሙስ ሹፌሯ ደወለች። "ሮዝ!" አለችኝ ሄሎ እንኳ ሳትል። ድዷ ሮዝ መሆን ጀምሯል። ዶሮ በልታለች፣ ሙሉ ሳህን፣ ከዚያ ሹፌሯን ነክሳታለች። "እሷ ናት" አልኩ፣ "ተመስገን!" ሥራ ላይ ነበርኩ፤ እልልታዬን አፌን በመዳፌ ይዤ ነው የዋጥኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ብሉሚንግተን አካባቢ የሚኖሩ ጡረተኛ ባልና ሚስት ካላሳያችሁን እያሉ ነው አለችኝ። ቀን ቀን ቤት የሚውሉ፣ ከዚህ በፊት ሁለት ፐርሺያን ያሳደጉ።

ይህን ሁሉ ደስታ ሰምቼም መጦሪያው አልሄድኩም። እንዴት ልሂድ? ሪፖርት ሲሉኝ ምን ልበል? መርዝ አበላኋት፣ ከዚያ ሰጠኋት? ሁለተኛው እሑድ ገብር ኄር ነበር። ቅዳሴው ላይ የሚነበበው የታመነው ባሪያ ታሪክ ነው፤ ጌታው መክሊት ሰጥቶት የሄደው። ሰባኪው "የተሰጣችሁን ምን አደረጋችሁት?" ሲል ሰው ሁሉ ወደ እኔ የዞረ መሰለኝ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። ሦስተኛውም እሑድ አለፈ። ሆዴ እየበላኝ ሰነበተና ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

የንስሐ አባቴ በሥራ ቀን ታክሲ ይነዳሉ። አየር ማረፊያ ተሰልፈው ተራ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ሁሉንም ዘከዘክሁላቸው። ሲያስነጥሱ የሰማሁ መሰለኝ፤ ለካ ሳቃቸውን እየታገሉ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ የነነዌ ከብቶች የጾሙት ሦስት ቀን ነው" አሉኝ። "አንቺ ሃምሳ አምስቱን ቀን ልትጭኚባት ነበር! ደግሞ በምስር ወጥ!"

"አባቴ አይሳቁብኝ፣ አደራ በልቻለሁ እኮ።"

ድምፃቸው ተለወጠ። "ድመቷስ ድናለች። ሴትዮዋ ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

"እንግዲያው ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? አደራውን የሰጡሽ እኔ አይደለሁ። ሄደሽ ንገሪያቸው። ተራዬ ደረሰ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብለው ዘጉት።

ሆሳዕና ዕለት፣ ዘንባባው ግንባሬ ላይ እንደታሰረ፣ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ሹፌሯ በፖስታ የላከችልን ፎቶ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ኮሪደሩ ርዝመቱ! አሮጊቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ "ሪፖርት" አላሉም።

"ሦስት እሑድ" አሉኝ። "ሞታለች ብዬ ነበር።"

"ኧረ አልሞተችም፣ ድናለች ..."

"ድመቷን አላልኩም። አንቺን ነው።"

ምን ይዋጠኝ? ቆሜ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሽሮውን፣ ሽንኩርቱን፣ ለሐኪሙ የዋሸሁትን፣ የፈረምኩትን። ሽንኩርት ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፈረምኩ ስል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ተቆጥተዋል፤ መቆጣትም መብታቸው ነው። ይቅርታ አልኩ። ልጄ እጄን ያዘችኝ። መጦሪያው ውስጥ የሆነ ሰው ቴሌቪዥን ከፍ አድርጎ ከፍቷል፣ የቅርጫት ኳስ ነው።

ቆይተው "ፎቶ አላመጣሽም?" አሉኝ።

አውጥቼ ሰጠኋቸው። እሜቴ ከአንገቷ በታች ሙልጭ ብላ ተላጭታለች። ጭንቅላቷ ብቻ እንደ ጎፈር ቀርቷል፣ ገላዋ የተላጠ ድንች መስሎ። ፊቷ ግን ያው ፊት ነው፣ ንቀቱ እንዳለ። አሮጊቷ አዩት፣ አሁንም አዩት፣ ከዚያ ትከሻቸው ይናጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ጎንበስ ስል እየሳቁ ነው። "ማን ነው ይህን ያደረጋት? ይህቺ የሻምፒዮን ዘር!" እያሉ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ልጄም እኔም ተከተልናቸው።

ሳቁ ሲበርድ ፎቶውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና "እነዚያን ሰዎች አውቃቸዋለሁ" አሉኝ።

"የትኞቹን?"

"ፐርሺያን የሚቀበሉትን። ስወድቅ የሆስፒታሉ ነርስ ደውዬ ልጥራልዎት ብላኝ ነበር። እንቢ አልኩ።"

"ለምን? እኔ ስለ ድመት ምን አውቅ ነበር?"

"ምንም" አሉኝ። "አልጋ ማንጠፍ እንኳ አታውቂም። ግን ለእነሱ ብሰጣት እሑድ እሑድ ማን ይመጣልኝ ነበር?"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እኔ ድመቷን ስጠብቅ፣ ድመቷን ሳስጾም፣ ስለ ድመቷ ስዋሽ፣ ስለ ድመቷ ስደበቅ፣ አደራው ለካ ሌላ ኖሯል። ልጅ የላቸውም፣ እህታቸው ሞታለች፤ ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ አውቃለሁ። አውቄም አልገባኝም።

"በእኛ አገር" አልኳቸው፣ ድምፄን ኮራ አድርጌ፣ "ሰው ሰውን ለመጠየቅ ድመት አያስፈልገውም።"

ቀና ብለው አዩኝ። የቀረሁባቸው ሦስት እሑዶች ራሳቸው ተናገሩ። ፊቴ በሐፍረት ጋለ።

"የሚቀጥለው እሑድ ፋሲካችን ነው" አልኩ ቀስ ብዬ። "ከልጄ ጋር እንመጣለን።"

"የምትነግሪኝ ነገር የለሽም እኮ። ድመት የለሽም።"

"የለኝም።"

"ታዲያ ምን እናወራለን?"

"እንጃ" አልኩ። እውነቴን ነው፣ አላወቅሁም ነበር።

አሮጊቷ ፎቶውን አንስተው መስኮቱ ላይ አስደግፈው አቆሙት። ከዚያ ልጄን "አንቺ፣ ያንን ወንበር አምጪና ተቀመጪ" አሏት። "የቆመ ሰው ሊሄድ ያሰበ ይመስለኛል።"

ልጄ ወንበሩን አምጥታ ተቀመጠች። እኔም ካፖርቴን አወለቅሁ።